በደጋ የተቃኘ ሞተር በቆላ፤ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት የብልጭታን ጊዜ ጉድለት ስለ መመርመር

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ከዚያም በጣሊያን ወረራ ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ ሾልኮ፥ በደብረ ሲናና በአርማንያ በኩል ቁልቁል ይወርድና፥ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ በይፋት ቆላ በምትገኘው በሸዋ ሮቢት በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያርፋል። ተጓዡ ከገብስና ከባቄላ አገር ወጥቶ ማሽላ፥ ማሾና ሽንኩርት ወደሚበቅልበት አገር ይገባል፤ ጋቢውን አጣጥፎ መስኮቱን ይከፍታል። ሞተሩ ግን እንደ ተጓዡ ልብስ የሚቀንስበት መንገድ የለውም። ደጋ ላይ በተስተካከለበት ኹናቴ እንዳለ ወደ ቆላው ይወርዳል።

በዚህ መንገድ በሚመላለሱ በካርቡሬተር በሚሠሩ መኪናዎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ችግር አለ። አዲስ አበባ ላይ ዝም ብሎ ይሠራ የነበረው ሞተር በሮቢት ሜዳ ላይ ጭነት ይዞ ነዳጅ ሲሰጠው፥ ብረት በብረት ላይ እንደሚመታ ያለ ድምፅ ያሰማል። ሾፌሩ ቤንዚኑን ይወቅሳል፤ መካኒኩ ደግሞ ዲስትሪቢዩተሩን ጥቂት መልሶ ያዞረዋል፤ ድምፁም ይጠፋል። ነገር ግን ያው መኪና በማግሥቱ ወደ ጣርማ በር ሲመለስ ጉልበት ያጣል፤ ራዲያተሩም ይፈላል። ጥፋቱ የማን ነው? የቤንዚኑ፥ የመካኒኩ ወይስ የሞተሩ?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። በአጭሩ ለመናገር፥ የብልጭታ ጊዜ የሞተሩ ብቻ የሆነ ቁርጥ ቁጥር አይደለም፤ የሞተሩና የሚተነፍሰው አየር የጋራ ቁጥር ነው። ስለዚህ መርማሪው አስቀድሞ «ይህ የመሣሪያ ጉድለት ነውን ወይስ የቦታ ለውጥ?» ብሎ መለየት ይገባዋል። ይህ መለየት ለማንኛውም መኪና ጠቃሚ ሲሆን፥ በችሎታው ዳርቻ ላይ ለሚሠራው ለውድድር ሞተር ግን የሞትና የሽረት ጉዳይ ነው።

፩ኛ፤ የብልጭታ ጊዜ ማለት ምንድን ነው?

በቤንዚን ሞተር ውስጥ ካንዴላው የሚያቀጣጥለው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ በአንድ ቅጽበት የሚፈነዳ አይደለም። እሳቱ ከካንዴላው ተነሥቶ የሲሊንደሩን ባዶ ቦታ እስኪያዳርስ ድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ይህም ጊዜ በአብዛኛው ወደ ሁለት የሚጠጉ የሴኮንድ ሺኛ ክፍሎች ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ክራንክሻፍቱ በአንድ የሴኮንድ ሺኛ ክፍል ውስጥ 18 ዲግሪ ይዞራል፤ 6,000 ጊዜ ሲዞር ደግሞ 36 ዲግሪ ይዞራል።

የእሳቱ ግፊት ከፍተኛውን መጠን ሊያገኝ የሚገባው ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ላይ ደርሶ መውረድ በጀመረ ጊዜ፥ ማለትም ከጫፉ በኋላ ከ12 እስከ 16 ዲግሪ ባለው ቦታ አካባቢ ነው። ስለዚህ ብልጭታው ቀደም ብሎ፥ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ በመውጣት ላይ ሳለ መሰጠት አለበት። ይህንን «ማስቀደም» እንለዋለን፤ መጠኑም ከላይኛው ጫፍ በፊት ባለው ዲግሪ ይለካል።

ሞተሩ በፈጠነ መጠን ለእሳቱ የሚተርፈው ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት ሁለት ትንንሽ ክብደቶች በመሽከርከር ኀይል ወደ ውጭ እየተከፈቱ ብልጭታውን ያስቀድማሉ። እንዲሁም ነዳጅ በጥቂቱ በሚሰጥበት ጊዜ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ድብልቅ ስስ ስለሚሆን ቀስ ብሎ ይቃጠላል፤ በዚያን ጊዜ ከካርቡሬተሩ ጋር በቀጭን ቱቦ የተያያዘው ስስ ሽፋን በአየር መሳብ ኀይል ተጎትቶ ተጨማሪ ዲግሪ ይሰጣል። እንግዲህ የመኪናው ብልጭታ በየጊዜው ሦስት ነገሮች የሚደመሩበት ነው፤ መካኒኩ በእጁ ያስተካከለው መነሻ፥ በፍጥነት የሚመጣው ጭማሪና በአየር መሳብ የሚመጣው ጭማሪ። ከሦስቱ አንዱ ቢበላሽ ድምሩ ይበላሻል፤ የትኛው እንደ ተበላሸ ግን ከድምሩ ብቻ አይታወቅም።

፪ኛ፤ ከፍታና ሙቀት የሚያመጡት ለውጥ

በመደበኛ የአየር ስሌት መሠረት፥ በባሕር ወለል ላይ 760 ሚሊሜትር የሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት በ3,000 ሜትር ላይ ወደ 526፥ አዲስ አበባን በመሰለ በ2,400 ሜትር ላይ ባለ ቦታ ወደ 567፥ በ1,300 ሜትር ላይ ደግሞ ወደ 650 ይሆናል። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ግፊቱ በ24 በመቶ ገደማ ይጨምራል ማለት ነው።

ነገር ግን ሙቀትም አብሮ ስለሚጨምር አየሩ የዚያኑ ያህል አይከብድም። በላይ 10፥ በታች 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው ብለን ብናሰላ፥ በአንድ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው አየር ክብደት በ15 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ጭማሪ ለሞተሩ ጉልበት ነው፤ ሾፌሮችም ቆላ ሲወርዱ መኪናው «ቀለለው» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ዳሩ ግን ጉልበቱ ያለ ዋጋ አይመጣም፤ ዋጋውም በሦስት መንገድ ይከፈላል።

አንደኛ፥ ወፍራሙ ድብልቅ ከስሱ ይልቅ ፈጥኖ ይቃጠላል። ስለዚህ በደጋው ልክ የነበረው ቅድሚያ በቆላው ከመጠን ያለፈ ይሆናል፤ ከፍተኛው ግፊት ፒስተኑ ገና ሳይወርድ ይደርሳል።

ሁለተኛ፥ የገባው አየር ሙቀት በመታመቅ ጊዜ ይባዛል። መጠነ እመቃው 9 ለ 1 በሆነ ሞተር ውስጥ መግቢያው ላይ ያለ የ22 ዲግሪ ልዩነት በእመቃው መጨረሻ ላይ ወደ 45 ዲግሪ ልዩነት ይጠጋል።

ሦስተኛ፥ ካርቡሬተር አየርን በክብደቱ ሳይሆን በፍሰቱ ነው የሚለካው። በደጋ ላይ በልክ እንዲሆን ቀዳዳው የተጠበበ ካርቡሬተር፥ አየሩ 15 በመቶ ሲከብድ ድብልቁን በ7 በመቶ ገደማ ያሳሳዋል፤ ይኸውም ቤንዚኑ ከአየሩ አንጻር ያንሳል ማለት ነው። በከባድ ጭነት ጊዜ ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ደግሞ ሲሊንደሩን ይበልጥ ያግለዋል።

እነዚህ ሦስቱ ተደምረው የሚያመጡት ነገር ማንኳኳት ይባላል። እሳቱ ከካንዴላው ተነሥቶ እየተስፋፋ ሳለ፥ ገና ያልደረሰበት የመጨረሻው ድብልቅ ከመጠን በላይ ታምቆና ግሎ ራሱን በራሱ በድንገት ያቀጣጥላል። የምንሰማው የብረት ድምፅ የዚህ ድንገተኛ ግፊት ማዕበል የሲሊንደሩን ግድግዳ ሲመታ ነው። ማዕበሉ ፒስተኑን ከሙቀት የሚከላከለውን ስስ የጋዝ ሽፋን ስለሚገፈው፥ ነገሩ ከቀጠለ የፒስተኑ ጠርዝ ይበላል፤ ቀለበቶቹ የሚቀመጡበት ቦታ ይሰበራል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮንም ይቃጠላል።

ቤንዚንን በተመለከተ፥ የኦክቴን ቁጥር የሚባለው ነዳጁ ማንኳኳትን የሚቋቋምበት ልክ ነው። በስስ አየር ውስጥ ይህ መቋቋም ብዙ አያስፈልግም፤ በአሜሪካ በተራራማዎቹ ክፍላተ ሀገር 85 ኦክቴን ያለው ቤንዚን ለተራ መኪና ሲሸጥ የኖረው ለዚህ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተቀዳ ቤንዚን በይፋት ሲያንኳኳ፥ ቤንዚኑ በመንገድ ላይ አልተበላሸም፤ የሚጠየቀው ነገር ነው የጨመረው።

፫ኛ፤ ሁለት ተቃራኒ ሕመሞች

መርማሪው ሁለቱን የብልጭታ ሕመሞች በምልክታቸው መለየት ይገባዋል።

ብልጭታው ከመጠን በላይ ሲቀድም ሞተሩ በጭነት ጊዜ ያንኳኳል፤ ይልቁንም በከፍተኛ ማርሽ በዝቅተኛ ፍጥነት ነዳጅ ሲሰጠው። ሲነሣ መልሶ ይመታል፤ ሞቆ ሳለ ለማስነሣት ሲሞከርም ሞተሪኖው ይከብደዋል። የካንዴላው ነጭ ሸክላ በጉልህ መነጽር ሲታይ ጥቃቅን ጥቁር ወይም የአሉሚኒየም ነጠብጣብ ይገኝበታል፤ ይህ ነጠብጣብ ከፒስተኑ የተገፈፈ ብረት ነው።

ብልጭታው ሲዘገይ ድምፅ የለም፤ አደገኛነቱም በዚህ ነው። ድብልቁ ዘግይቶ ስለሚቃጠል ሙቀቱ ፒስተኑን በመግፋት ፈንታ ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል። የማውጫው ቫልቭ ይግላል፤ የጭስ ማውጫው ቧንቧ በሌሊት ቀልቶ እስከ መታየት ይደርሳል፤ ራዲያተሩ ይፈላል፤ ቤንዚን ይበዛል፤ ጉልበት ይጠፋል። በ3,000 ሜትር ላይ ውሃ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ በ90 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ ስለ ሆነ፥ ክዳኑ ያረጀ ራዲያተር ያለው መኪና በጣርማ በር አቀበት ላይ ይህንን ተጨማሪ ሙቀት አይችልም።

በመግቢያው ላይ ያነሣነው መኪና ሁለቱንም ሕመም በሁለት ቀን ውስጥ ያያል፤ ሲወርድ የቀደመውን፥ ሲወጣ የዘገየውን። ሮቢት ላይ ዲስትሪቢዩተሩን ያዞረው መካኒክ ለሮቢት ትክክል ነበረ፤ ለጣርማ በር ግን አይደለም፤ ያውም ምን ያህል እንዳዞረ ሳይለካ ከሆነ።

፬ኛ፤ የምርመራው ቅደም ተከተል

ብዙ ጊዜ የሚባክነውና ዕቃ ያለ አግባብ የሚለወጠው ምርመራው ከመካከል ስለሚጀመር ነው። የሚከተለው ቅደም ተከተል ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚሄድ ሲሆን፥ እያንዳንዱ እርምጃ የሚቀጥለው የሚቆምበት መሠረት ነው።

(ሀ) ድምፁ በእውነት የማንኳኳት ድምፅ መሆኑን ማረጋገጥ። የቫልቭ ልቅነትና የክራንክሻፍት መያዣ መበላትም ድምፅ አላቸው። ብልጭታውን ለሙከራ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ አዘግይቶ ያንኑ አቀበት በዚያው ማርሽ መውጣት ነው። ድምፁ ከተለወጠ የብልጭታ ጉዳይ ነው፤ ካልተለወጠ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

(ለ) የቆላ ሙቀት የሚያመጣቸውን ሌሎች ሕመሞች መለየት። ሞተሩ ሳያንኳኳ የሚቆምና ሲቀዘቅዝ የሚነሣ ከሆነ፥ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ተንኖ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከፍተኛውን ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ጥቅል ሲግል ይደክማል። እነዚህ የጊዜ ጉድለት ስላልሆኑ ዲስትሪቢዩተር በማዞር አይድኑም።

(ሐ) ምልክቱ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ። የምንለካበት ምልክት ራሱ ሐሰተኛ ከሆነ ልኬታችን ሁሉ ከንቱ ነው። በብዙ መኪናዎች ላይ ምልክቱ ያለበት የፑሌጃ ክብ ከመካከሉ ጋር በጎማ የተያያዘ ነው፤ ጎማው ሲያረጅ ውጫዊው ክብ ይንሸራተታል። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፤ የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ አውጥቶ በቀዳዳው በኩል ፒስተኑን ከጫፉ በፊት የሚያቆም መሰናክል ማስገባት፥ ሞተሩን በእጅ ወደ ቀኝ እስኪቆም አዙሮ ምልክት ማድረግ፥ ቀጥሎም ወደ ግራ እስኪቆም አዙሮ ሌላ ምልክት ማድረግ ነው። እውነተኛው ላይኛው ጫፍ በሁለቱ ምልክቶች መካከል እኩል ላይ ይገኛል። ይህ ሥራ በእጅ ብቻ እንጂ ፈጽሞ በሞተሪኖ አይሠራም።

(መ) የማቋረጫ ነጥቦቹን ክፍተት መለካት። ነጥቦቹን የሚከፍተው ትንሽ እግር እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፤ ክፍተቱ ሲጠብም ነጥቦቹ ዘግይተው ስለሚከፈቱ ብልጭታው ይዘገያል። ስለዚህ ክፍተቱ ሁልጊዜ ከብልጭታው ጊዜ በፊት ይስተካከላል፤ በቮልስዋገን ላይ ልኩ 0.4 ሚሊሜትር ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል።

(ሠ) የገመዶቹን ተራ መመልከት። በላዳና በቶዮታ 4ኬ ሞተር የማቀጣጠያው ተራ 1፥ 3፥ 4፥ 2 ነው፤ በቮልስዋገን ግን 1፥ 4፥ 3፥ 2 ነው። አንዱን የለመደ እጅ በሌላው ላይ ሊስት ይችላል። እንዲሁም ተከታትለው የሚቀጣጠሉ የሁለት ሲሊንደሮች ገመዶች ተጠጋግተው ጎን ለጎን እንዳይሄዱ ያስፈልጋል፤ የአንዱ ኤሌክትሪክ በሌላው ላይ ብልጭታ ሊያስነሣ ይችላልና።

(ረ) መነሻውን መለካት። የአየር መሳቢያው ቱቦ ተነቅሎ ጫፉ ተደፍኖ፥ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ሳለ በስትሮቦስኮፕ መብራት ምልክቱ ይታያል። መብራቱ በማይገኝበት ቦታ የ12 ቮልት አምፖል ይበቃል፤ አንዱ ሽቦ ከማቋረጫ ነጥቦቹ ወደ ጥቅሉ በሚሄደው ሽቦ ላይ፥ ሌላው ከሞተሩ አካል ጋር ይያያዛል፤ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ቀስ ተብሎ በእጅ ሲዞር አምፖሉ የሚበራበት ቅጽበት ነጥቦቹ የተከፈቱበት፥ ማለትም ብልጭታው የሚሰጥበት ቅጽበት ነው።

(ሰ) የምልክቱን እርጋታ መመልከት። በመብራቱ ሥር ምልክቱ ቆሞ ከታየ መልካም ነው፤ ወዲያና ወዲህ ከዘለለ ግን የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ተበልቷል ወይም ካምሻፍቱን የሚያዞረው ሰንሰለት ላልቷል። እንዲህ ያለ ሞተር አንድ የብልጭታ ጊዜ የለውም፤ ብዙ ነው ያለው። ሊስተካከል የሚችለው መሣሪያው ከተጠገነ በኋላ ብቻ ነው።

(ሸ) ሁለቱን ጭማሪዎች ለየብቻ መፈተሽ። ፍጥነት ሲጨመር ምልክቱ ያለ መንተክተክ ወደ ፊት መሄድ፥ ሲቀነስ ወደ ቦታው መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ የክብደቶቹ ሞላ ደክሟል ወይም አቧራና የደረቀ ቅባት ይዞታል። ቀጥሎ የአየር መሳቢያውን ቱቦ በአፍ ሳብ አድርጎ በምላስ መያዝ ነው፤ ሳህኑ ተንቀሳቅሶ እዚያው ከቆየ ሽፋኑ ደኅና ነው፤ ከተመለሰ ተቀዷል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምንም ጉድለት ካልተገኘና ሞተሩ አሁንም በቆላ ብቻ የሚያንኳኳ ከሆነ፥ ያን ጊዜ፥ ያን ጊዜ ብቻ፥ ነገሩ የቦታ ለውጥ ነው ማለት ይቻላል።

፭ኛ፤ በደጋና በቆላ መካከል ያለው አንድ ሚሊሜትር

የቦታው ለውጥ የሚጠይቀው ማስተካከያ ምን ያህል ነው? በአብዛኛው ጥቂት ዲግሪ ነው፤ ለምሳሌ አራት ዲግሪ እንበል። ዲስትሪቢዩተሩ ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚዞር፥ የክራንክሻፍቱ አራት ዲግሪ በዲስትሪቢዩተሩ ላይ ሁለት ዲግሪ ነው። የዲስትሪቢዩተሩ አካል ወርድ 60 ሚሊሜትር ቢሆን ዙሪያው 188 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፤ የዚህ ሁለት ዲግሪ ደግሞ አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው።

በደጋና በይፋት መካከል ያለው ርቀት በዲስትሪቢዩተሩ አንገት ላይ አንድ ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። በጆሮው ብቻ እየተመራ አካሉን አምስት ሚሊሜትር ያዞረ መካኒክ ብልጭታውን በ19 ዲግሪ ገደማ አዘግይቶታል። ድምፁ በእርግጥ ይጠፋል፤ ነገር ግን አብሮት የጠፋው የሞተሩ ጉልበትና የቫልቮቹ ዕድሜ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። ሞተሩ ደኅና መሆኑ በላይኛው ምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ፥ በዲስትሪቢዩተሩ አካልና በሞተሩ ላይ በስለታም ነገር ሁለት መስመር ይጫር፤ አንዱ የደጋ፥ ሌላው የቆላ። የደጋው መስመር በመብራት በተለካው ልክ ይሁን፤ የቆላው ደግሞ ሞተሩ በጭነት ሳያንኳኳ የሚሠራበት የመጀመሪያው ነጥብ እንጂ ከዚያ ያለፈ አይሁን። የዲስትሪቢዩተሩን አካል የውስጡ መዝጊያ በሚዞርበት አቅጣጫ ማዞር ብልጭታውን ያዘገያል፤ በተቃራኒው ማዞር ያስቀድመዋል። ሾፌሩ ይህንን ካወቀ ሥራው አንድ ቡሎን ማላላትና ማጥበቅ ነው።

መንገዱን አልፎ አልፎ ብቻ ለሚሄድ ሰው ግን ይህም አያስፈልገውም። በቆላው ሜዳ ላይ ነዳጅ እስከ መጨረሻው አለመርገጥና ሞተሩ ሳይጨነቅ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መለወጥ ይበቃዋል።

፮ኛ፤ የውድድር ሞተር

የውድድር ሞተር ከተራው የሚለየው በዐይነቱ ሳይሆን በህዳጉ ነው። መጠነ እመቃው ከፍ ያለ ስለ ሆነ ወደ ማንኳኳት ድንበር ቀርቦ ይሠራል፤ በተራ ሞተር ላይ ጥቂት ድምፅ የሚያመጣው ሁለት ዲግሪ በእርሱ ላይ ፒስተን ይበሳል።

የምርመራውም መንገድ በሦስት ነገር ይለያል። አንደኛ፥ የውድድር ካምሻፍት ቫልቮቹን አብልጦ ስለሚከፍት በዝግታ ጊዜ የሚኖረው የአየር መሳብ ደካማና የሚዋዥቅ ነው። ስለዚህ ብዙዎች የመሳቢያውን ጭማሪ ትተው፥ መነሻውን ሳይሆን ሙሉውን ቅድሚያ ክብደቶቹ ሙሉ በሙሉ በተከፈቱበት ፍጥነት ይለካሉ። ለምሳሌ በፍጥነት ብቻ የሚጨምር ዲስትሪቢዩተር ለተገጠመለት የቮልስዋገን ሞተር የተለመደው ሙሉ ቅድሚያ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ነው። ሁለተኛ፥ በከፍተኛ ፍጥነት የጭስ ማውጫው ጩኸት የማንኳኳቱን ድምፅ ይሸፍነዋል፤ ሾፌሩ ምንም ሳይሰማ ፒስተኑ ይበላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ካንዴላዎቹን አውጥቶ ማንበብ ግድ ነው፤ በአየር በሚቀዘቅዘው ቮልስዋገን ደግሞ አብልጦ የሚግለው ሦስተኛው ሲሊንደር አስቀድሞ ይታይ። ሦስተኛ፥ በኤሌክትሮኒክ በሚሠራ ማቀጣጠያ ውስጥ ያለች ጥቂት መዘግየት በፍጥነት ትልቅ ትሆናለች፤ ከሚሊዮን 50 የሴኮንድ ክፍል የሆነች መዘግየት በ6,000 ዙር ጊዜ 1.8 ዲግሪ ናት።

ከፍታን በተመለከተ፥ የዓለም ውድድሮች ጥሩ ምስክር ናቸው። የሜክሲኮ ከተማ ግራን ፕሪ ለዓለም ሻምፒዮና መቈጠር በጀመረበት በ1963 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓ የመጡት ሞተሮች ከ2,200 ሜትር በላይ ባለው ስስ አየር ውስጥ፥ ማለትም ከባሕር ወለል በሩብ ገደማ ባነሰ ግፊት መሥራት ነበረባቸው። በዚያ ግን ከፍታው ለሁሉም ዙር አንድ ነው፤ አንድ ጊዜ የተቃኘ ሞተር እንደ ተቃኘ ይቈያል። ከባዱ ፈተና በአንድ ሩጫ ውስጥ ከፍታው ሲለወጥ ነው። በአሜሪካ ከ1916 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው የፓይክስ ፒክ ተራራ መውጣት ውድድር ከ2,862 ሜትር ተነሥቶ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 4,302 ሜትር ላይ ያበቃል፤ ልዩነቱ 1,440 ሜትር ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ያለው ልዩነት ግን ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። የዓለም ታዋቂ መሐንዲሶች ከሚጨነቁበት ተራራ የበለጠ ልዩነት ያለውን አቀበት የእኛ አገር የጭነትና የሕዝብ መኪናዎች በየቀኑ ይወጡታል።

ዲስትሪቢዩተር ላለው የውድድር ሞተር በእንዲህ ያለ አቀበት ላይ የሚሻለው ምርጫ የቱ ነው? ለመካከለኛው ከፍታ ማስተካከል ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን የሁለቱ ስሕተቶች ዋጋ እኩል አይደለም። በዚህ አጭር ሩጫ ውስጥ መዘግየት ጉልበት ይቀንሳል፤ መቅደም ግን ሞተሩን ይገድላል። ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው አየሩ ወፍራምና ሞቃት በሆነበት ቦታ፥ ማለትም ከታች ነው፤ በላይ የሚጠፋው ጉልበት የደኅንነት ዋጋ ሆኖ ይቈጠራል። ለረዥም ጉዞ ግን፥ ቀደም ሲል እንዳየነው፥ መዘግየትም ያቃጥላልና ሁለቱ መስመሮች ይሻላሉ።

፯ኛ፤ ስለ ሌሎች ሞተሮች

በኮምፒዩተር የሚታዘዙ የዘመኑ መኪናዎች የአየሩን ግፊትና ሙቀት በየቅጽበቱ ይለካሉ፤ ብዙዎቹም ማንኳኳትን የሚሰማ መሣሪያ በሞተሩ ግንድ ላይ ስላላቸው ብልጭታውን ራሳቸው ያዘገያሉ። በእነዚህ ላይ ዲስትሪቢዩተር የሚያዞር እጅ አያስፈልግም። ሆኖም ሰሚው መሣሪያ ሲበላሽ ሞተሩ ለጥንቃቄ ዘግይቶ ይሠራልና፥ ምክንያቱ ያልታወቀ የጉልበት ማነስ ሲያጋጥም ይህንንም መጠርጠር ይገባል።

ሽንኩርት ለማጠጣት በሚያገለግሉት ትንንሽ የቤንዚን ፓምፖች ላይ የብልጭታው ጊዜ ከፋብሪካ የተወሰነ ነው። ነገር ግን በከባዱ መዘውርና በክራንክሻፍቱ መካከል ያለችው ትንሽ የብረት ሽብልቅ ከተቈረጠች መዘውሩ ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ ብልጭታ፥ ቤንዚንና እመቃ ሁሉ እያሉ ሞተሩ እምቢ ይላል። ካንዴላና ካርቡሬተር ከመለወጥ በፊት መዘውሩን ፈትቶ ይህችን ሽብልቅ ማየት ይጠቅማል።

መደምደሚያ

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነግሯል። ስለዚህ አሁን በአገር ውስጥ ያሉት የቤንዚን ሞተሮች ምትክ ሳይጠብቁ ለብዙ ዓመት እንዲያገለግሉ ያስፈልጋል፤ ያለ አግባብ የተበላ ፒስተን ወይም የተቃጠለ ቫልቭ ከእንግዲህ ወዲያ ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ አለው።

ከዚህ በላይ እንዳየነው፥ በይፋት የሚያንኳካውን ሞተር ያንኳኳው ቤንዚኑ ብቻ አይደለም፤ መካኒኩም ባዶ እጁን አላዞረም። ሁለቱም የእውነትን አንዳንድ ወገን ይዘዋል። ሙሉውን የሚይዘው ግን ምልክቱን የሚያረጋግጥ፥ የሚለካና የለካውን የሚጽፍ ነው። የመምሪያ መጽሐፉ ቁጥር የተጻፈው ለአንድ አየር ነው፤ አገራችን ግን በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ብዙ አየር አላት። ስለዚህ በደጋና በቆላ መካከል በሚመላለሱ መንገዶች ላይ ያሉ ጋራዦች ስትሮቦስኮፕ መብራትና የከፍታውን ልክ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ቢኖራቸው፥ የቴክኒክ ተማሪዎችም በእነዚህ መንገዶች ላይ በየከፍታው እየለኩ ሠንጠረዡን ቢያዘጋጁ፥ ጥቅሙ ለሾፌሩም ለትምህርቱም ይሆናል።